«እብጠቱ ጠፋ» ማለት «ድኛለሁ» ማለት አይደለም

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ባለፈው ዓመት የአንዲት የጀመዓችን እህት እናት ጡታቸው ላይ እብጠት እንዳለ ለልጃቸው ነገሯት። እሳቸው ካወቁት ወራት አልፎት ነበር፤ የተናገሩት ቆዳው ወደ ውስጥ መሳብና መቅላት ሲጀምር ነው። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር የጡት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ሐኪሙም፣ «መጀመሪያ ኬሞ ይወስዳሉ፤ ኦፕራሲዮኑ ከዚያ በኋላ ነው» አላቸው።

ቤት ውስጥ ምክክር ሆነ። አጎት ተቆጡ፤ «መቁረጥ ከተቻለ ዛሬውኑ ለምን አይቆርጡትም? ተስፋ ቆርጠውባት ነው እንጂ በመድኃኒት ምን ያንገላቷታል?» አሉ። ልጅቷ ለምና፣ ጎረቤትም ተጨምሮበት፣ ሕክምናው ተጀመረ። ከሦስተኛው ዙር በኋላ እብጠቱ በእጅ ቢፈለግ ጠፋ። ቤቱ በ«አልሐምዱሊላህ» ተሞላ። ሸዕባን እያለቀ ነበር። እናት፣ «አላህ አሽሮኛል፤ ረመዳኔን በሰላም ልጹም። የሌለ ነገር ምኑን ይቆርጡታል?» አሉ። የቀረው ኬሞም ኦፕራሲዮኑም በዚያው ቀረ።

ስምንት ወር ሳይሞላ እብጠቱ ተመለሰ፤ ብብታቸው ውስጥም ሌላ ተጨመረ። አሁን እንደገና ሕክምና ላይ ናቸው፤ ዱዓችሁ አይለያቸው። ይህን የምንጽፈው ልጃቸው ፈቅዳልን ነው። «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ባዮሎጂ ተምሬ፣ ኡሚ ‹ጠፋ› ስትለኝ እኔም አመንኩ» አለችን። እኛም ብንሆን እናምን ነበር።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ልናስጨብጥ እንፈልጋለን። ሐኪም «መድኃኒት መጀመሪያ፣ ቀዶ ጥገና በኋላ» ሲል ተስፋ መቁረጡ አይደለም፤ ጊዜ መግዛቱም አይደለም። ሕክምናው አንድ ነው፤ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል ሲሳካ ሁለተኛውን የሚተው ሰው ሕክምናውን አልጨረሰም። እናቶቻችንን ብዙ ጊዜ የምናጣውም እብጠቱ ባለበት ወቅት ብቻ ሳይሆን፣ የጠፋ በመሰለበት ወቅት ጭምር ነው።

ለምን መድኃኒቱ ይቀድማል?

የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚከሰቱ የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 16,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ እብጠቱ ሲያድግ፣ ቆዳውን ወይም የደረትን ግድግዳ ሲይዝ፣ ወደ ብብት ንፍፊት ሲሻገር። እንዲህ ያለውን ወዲያውኑ ቢቆርጡት ዳርና ዳሩ ላይ ካንሰር ይቀራል፤ ቁስሉም በደንብ አይገጥምም። መድኃኒቱ ቀድሞ ሲሰጥ እብጠቱ ያንሳል፣ ከያዘው ቦታ ይላቀቃል፣ ሊቆረጥ የማይችለው የሚቆረጥ ይሆናል። አንዳንዴም ሙሉ ጡት ማንሳት ቀርቶ የታመመውን ክፍል ብቻ ማውጣት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት በዓይን የማይታየው ነው። ይህን ለድሬዳዋ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ ከ250 በላይ ሰዎችን የወሰደው ጎርፍ ግን ከላይ፣ ከደንገጎና ከሐረማያ በኩል ካለው ደጋ ነው የወረደው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። እኛ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ግን ክፍል ውስጥ የምንማረው ግንብ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ከላይ ተፋሰሱ ላይ ካልተሠራ ውኃው አንድ ቀን ግንቡን ያልፋል። ጡት ላይ የሚታየው እብጠት ከተማ የደረሰው ጎርፍ ነው። በደም አድርገው ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አጥንት የሄዱ ጥቂት ሕዋሳት ካሉ የቀዶ ሐኪሙ ቢላ አያገኛቸውም፤ በደም የሚዘዋወር መድኃኒት ግን ይደርስባቸዋል። ግንቡም ተፋሰሱም ያስፈልጋሉ። አንዱ ስለተሠራ ሌላው ይቅር አይባልም።

ሦስተኛው ምክንያት መድኃኒቱ ይሠራ እንደሆነ በዓይን ማየት መቻሉ ነው። እብጠቱ አስቀድሞ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ኬሞ ሲሰጥ መድኃኒቱ በዚያች ሴት ካንሰር ላይ እንደሠራ የሚያሳይ ነገር የለም። እብጠቱ እያለ ሲሰጥ ግን በየዙሩ ይለካል። ካነሰ ይቀጥላል፤ ጥቂቶች ላይ እንደሚደርሰው ከጨመረ መድኃኒቱ ይቀየራል ወይም ቀዶ ጥገናው ይፈጥናል።

ይህ ሲባል ለሁሉም ሴት መድኃኒት ይቅደም ማለት አይደለም። እብጠቱ ትንሽ ሆኖ ቀዶ ሐኪሙ በቀላሉ ሊያወጣው የሚችል ከሆነ ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮኑ ይቀድማል፤ ይህም ትክክል ነው። በአሜሪካ በዶክተር በርናርድ ፊሸር መሪነት በ1988 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ቢ-18» የተባለ ጥናት 1,523 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ተመሳሳዩን መድኃኒት ከቀዶ ጥገና በፊት፣ ግማሾቹ በኋላ ወሰዱ። በሕይወት የመቆየታቸው ነገር በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ለሐኪሞቹ እንተውላቸው። አጎት በቁጣ የሚወስኑት፣ እኛም ከስልክ ላይ አንብበን የምንከራከርበት ጉዳይ አይደለም።

እጅ የማያገኘው

የዚያው ጥናት ሌላ ውጤት ግን የእህታችንን እናት ታሪክ በቁጥር ይነግረናል። መድኃኒቱን ቀድመው ከወሰዱት 100 ሴቶች መካከል በ80ዎቹ ገደማ እብጠቱ ቢያንስ በግማሽ ቀንሷል። በ36ቱ ሐኪሙ በእጁ ፈልጎ ምንም እስከማያገኝ ድረስ ጠፍቷል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ወራሪ ካንሰር ያልተገኘው በ13ቱ ብቻ ነበር። «ጠፋ» ከተባለላቸው 36 ሴቶች አብዛኞቹ ውስጥ በሽታው ነበረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት መድኃኒቶች ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ይህን ቁጥር ከፍ አድርገውታል። ዛሬም ቢሆን ግን ከኬሞ በኋላ የሚቀጥለው ኦፕራሲዮን ነው።

ሒሳቡ ለምህንድስና ተማሪ ቀላል ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ግምት አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ዕጢ ውስጥ አንድ ቢሊዮን ገደማ ሕዋሳት አሉ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ እብጠት ይዘቱ አራት ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ አራት ቢሊዮን ገደማ ሕዋሳት ይይዛል። መድኃኒቱ ከ100 እጅ 99ኙን ቢገድል እንኳ 40 ሚሊዮን ይቀራሉ። የቀረው እብጠት ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ይሆናል። ጡት ውስጥ ያለች ምስር በእጅ አትገኝም። ያቺን ምስር «የለችም» ብሎ ቤት መግባት 40 ሚሊዮን ሕዋሳትን ይዞ ቤት መግባት ነው።

ኦፕራሲዮኑ ሌላም ጥቅም አለው። የወጣው ሥጋ ምርመራ ቀጥሎ የሚመጣውን ሕክምና ይወስናል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ ጥናት፣ ኬሞ ቀድመው ወስደው በኦፕራሲዮን ጊዜ ካንሰር የተረፈባቸውን 910 ሴቶች ተከታትሏል። ካፔሲታቢን የተባለውን እንክብል በተጨማሪ ከወሰዱት ከ100 ሴቶች 89ኙ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ካልወሰዱት ግን 84ቱ። ያላስቆረጠች ሴት የተረፈ ይኑር አይኑር አይታወቅላትም፤ ምን ሊጨመርላት እንደሚገባም የሚያውቅ የለም።

ይህን ጉዳይ ከእኛ በፊት ያዩ አሉ። የኮርዶባው ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ፣ ካረፉ ከ1,000 ዓመት በላይ የሆናቸው የቀዶ ጥገና ሊቅ፣ «አት-ተስሪፍ» በተባለው ኪታባቸው ስለ ጡት ካንሰር ጽፈዋል። ምክራቸው በአጭሩ፣ ገና ትንሽ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ የሚችለውን አውጡት፣ የቆየውንና የተስፋፋውን ግን አትንኩት የሚል ነው። እሳቸው ራሳቸው እንዲህ ያለውን አድነው እንደማያውቁ፣ ያዳነም ሰው አይተው እንደማያውቁ ሳይደብቁ ተናግረዋል። አዝ-ዘህራዊ በር የተዘጋ ሆኖ ያገኙት ቦታ ላይ ነው ዛሬ መድኃኒቱ ቀድሞ ገብቶ በሩን የሚከፍተው። ያ በር ከተከፈተ በኋላ ሳይገቡ መመለስ ያሳዝናል።

«አላህ አሽሮኛል» ስንል

እናታችን «አላህ አሽሮኛል» ያሉት ከኢማን ነው፤ ማንም አይነቅፋቸውም። ሺፋ ከአላህ ነው። እኛ መድረሳ የተማርነው ተወኩል ግን ሰበብን ማድረስን የሚጨምር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ ለበሽታ መድኃኒት ማድረጉንም አስተምረውናል። ሩቅያ፣ ዘምዘም፣ ጥቁር አዝሙድ በየቤታችን አሉ፤ ከሕክምናው ጋር አይጣሉም። የሚጣሉት ሕክምናውን ያስቀሩ ዕለት ነው። አንድ ነገር ግን እናሳስብ፤ በኬሞ ጊዜ የሚጠጣ ወይም የሚበላ የባህል መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ጉበትን ይጎዳልና።

ረመዳንም እንደዚሁ ነው። በሱረቱል በቀራ ላይ አላህ ለህመምተኛ ፈቅዶለታል፤ ሲሻለው ቀዷውን ያወጣል፣ የመዳን ተስፋ የሌለው በፊድያ ይተካል። የትኛው እንደሚመለከታት ህመምተኛዋ ሐኪሟንና ዓሊሟን ትጠይቅ። ኬሞው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው፤ ልዩነቱ የተወሰነው በሚሞተው ካንሰርና በሚያገግመው ደም መካከል ባለው ስሌት ነው። አንድ ወር መዝለል ያን ስሌት ያፈርሰዋል። ሩኽሳን የሰጠን አላህ ነው፤ ሩኽሳን መቀበልም ዒባዳ ነው።

ስለ ዓውራም ጥያቄ ይነሳል። ሴት ሐኪም ከተገኘች እሷ ትቅደም፤ ካልተገኘች ዶሩራ ነውና ወንድ ሐኪም የሚያስፈልገውን ያህል ይመረምራል። ይህን ኡለማዎቻችን አስፍተው አስተምረውታል። በሐያእ ምክንያት እብጠትን ለወራት የሸሸገች እናት ግን በየቀያችን አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትሸሽገውም ከሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ከባሏና ከልጆቿ ነው። ጸጉሯ ሲረግፍ ወይም ጡቷ ሲነሳ በቤቷ ያላት ቦታ የሚቀንስ ይመስላታል። ወንድሞች፣ ይህን ፍርሃት የምናጠፋው እኛ ነን። ነገ ባል እንሆናለን፤ ዛሬም ልጅና ወንድም ነን።

ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

ለድሬዳዋ ሰው የተለየ ማስጠንቀቂያ አለን። ከተማችን ትኩሳት ታውቃለች። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ ገብቶባታል። በ2014 ዓ.ም. በተነሳው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ የራሳችን ግቢ ተማሪዎች ታመዋል። ስለዚህ ትኩሳት ሲይዘን «ወባ ነው»፣ «ዴንጊ ነው» ብለን መኝታችን ውስጥ እንጠቀለላለን።

ኬሞ የምትወስድ እናት ግን ይህን ማድረግ የለባትም። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ፣ በተለይ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ተህዋስን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ። በዚህ ጊዜ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከያዛት ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለባት፤ እዚያም «ኬሞ ላይ ነኝ» ብላ መጀመሪያ ትናገር። እስኪነጋ መጠበቅ ሊገድል ይችላል። ቴርሞ ሜትር ርካሽ ነው፤ ከቤቷ አይጥፋ።

ጀመዓችን ምን ያድርግ?

ከድሬዳዋ ህመምተኞች ብዙ ጊዜ የሚላኩት ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ወይም ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ነው። ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ከፍ ቢል ነው፤ በደንገጎ ዳገት ሚኒባስ ይወጣዋል። አንዴ ሲሄዱት ቅርብ ነው። በተለመደው አሰጣጥ ግን ኬሞው ስምንት ዙር ሊሆን ይችላል። ስምንት ዙር በየ21 ቀኑ ማለት ግማሽ ዓመት ገደማ ነው፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የደም ምርመራ አለ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮኑ፣ ለብዙዎች ደግሞ ጨረር። አንዲት ገበያ ላይ ቁጭ ብላ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ከሦስተኛው ዙር በኋላ እብጠቱ ሲጠፋ ብትቀር፣ የቀረችው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። የመኪና ብሩም፣ አብሯት የሚሄድ ሰውም፣ የዋለችበት ቀን ገቢም አልቆባት ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ቦታ። የመድኃኒት ዋጋ መሸፈን አቅማችን አይፈቅድ ይሆናል። የመኪና ብር ግን ይፈቅዳል። ከጁሙዓ ሶደቃችን የተወሰነው ለዚህ እንዲመደብ እንጠይቃለን፤ በተለይም ከኬሞው ወደ ኦፕራሲዮኑ ላለው ጉዞ። የሚሰበረው ድልድይ እሱ ነውና። ዘካ ያለባቸው ነጋዴ አባቶቻችንም ድሃ ህመምተኛን ከዘካ ባለመብቶች መካከል እንዲያስቧት በአደብ እናሳስባለን።

ሁለተኛ፣ እህቶቻችን ሁለት ሁለት እየሆኑ ህመምተኛ እናቶችን የሚያጅቡበት ተራ ይውጣ። መካከላችን ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ የሚናገሩ ሞልተዋል። ሐኪሙ በአማርኛ «ከኬሞው በኋላ ኦፕራሲዮን አለ» ሲል እናት «አሁን አለቀ» ብላ የሰማችበት አጋጣሚ እናውቃለን። አንድ አስተርጓሚ ተማሪ ነፍስ ታድናለች።

ሦስተኛ፣ ቀኑ ይጻፍ። ሕክምናው በተጀመረበት ዕለት የሁሉም ዙር ቀን በአንድ ካርድ ላይ ይውጣ፤ መጨረሻው መስመር ላይ «ኦፕራሲዮን» የሚል ይኑርበት። ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮኑ ከመጨረሻው ኬሞ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደረጋል፤ ከ8 ሳምንት በላይ መዘግየቱ እንደሚጎዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ካርዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከጀመዓው አንድ ሰው ከቀኑ በፊት ይደውል።

አራተኛ፣ ኡስታዞቻችንንና ሩቅያ የሚያደርጉ ሸይኾቻችንን እንለምን። ህመምተኛ መጥታ «እብጠቱ ጠፋልኝ» ስትላቸው «አልሐምዱሊላህ፤ ኦፕራሲዮኑ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቋት። ከእኛ ከመቶ ተማሪዎች ምክር የእነሱ አንድ ጥያቄ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ከዳዕዋ ሥራችን ውጭ የሆነ ለሚመስለው ወንድማችን አንድ ነገር እናስታውስ። በኸንደቅ ጊዜ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ሲቆስሉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂዳቸው ውስጥ ድንኳን አስተክለውላቸዋል፤ በቅርብ ሆነው ሊጠይቋቸው። ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ የተባለች ሶሓቢያ ነበረች። ህመምተኛ መስጂድ ውስጥ ቦታ ነበረው። ከእኛ የሚጠበቀው ድንኳን አይደለም፤ የሚኒባስ ብር፣ አንድ ካርድና አንድ ስልክ ነው።

እህታችን አሁን በየሦስት ሳምንቱ ከእናቷ ጋር ትሄዳለች። ካርዱን ራሷ ሠርታዋለች፤ የመጨረሻው መስመር በቀይ ቀለም ተጽፏል። ባለፈው ሳምንት አጎቷ ደውለው፣ «የኦፕራሲዮኑ ቀን መቼ ነው? እኔ እወስዳታለሁ» አሏት።

አላህ ህመምተኞቻችንን ሁሉ ያሽርልን፤ የጀመሩትን ለመጨረስ አቅሙን ይስጣቸው፤ እኛንም ከሚያግዟቸው ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።